ሎርድስ የጌቶች ሜዳ አይደለም፦ ስለ ማሪሌቦን ክሪኬት ክለብ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ዱባይ ወይም ሻርጃ የኖረ ሁሉ ያውቀዋል። ዓርብ ዓርብ ሕንዶቹና ፓኪስታኖቹ ባዶ ቦታ ፈልገው፣ ለምልክት ሣጥን አቁመው፣ ጠፍጣፋ ዱላ ይዘው ኳስ ሲለጉ ይውላሉ። ብዙዎቻችን ቆም ብለን አይተን፣ ማን እንዳሸነፈ ሳይገባን መንገዳችንን ቀጥለናል። የዚያ ጨዋታ ሕግ የመንግሥትም የፌዴሬሽንም ንብረት አይደለም፤ የቅጂ መብቱ ያለው ለንደን ውስጥ ባለ አንድ የግል ክለብ እጅ ነው። ይህ ገጽ ስለዚያ ክለብ ነው።

ከመጀመራችን በፊት ሁለት ነገር ልብ ይበሉ። ዓመቶቹም ወሮቹም ቀኖቹም በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። በክሪኬት ነጥብ የሚገኘው ሁለት መቺዎች ቦታ እየተቀያየሩ ሲሮጡ ስለሆነ እዚህ «ሩጫ» ሲባል ነጥብ ማለት ነው፤ «ተራ» ሲባል አንድ ቡድን ለመምታት የሚገባበት ጊዜ ነው፤ መቺ «ወጣ» ሲባል ደግሞ በዚያ ተራ መምታቱ አበቃ ማለት ነው።

ክለቡ መቼ ተመሠረተ? በማንስ?

በ1787። ከዚያ በፊት ኢዝሊንግተን በተባለው የለንደን ሰፈር፣ ዋይት ኮንዲዊት ፊልድስ በሚባል ሜዳ ላይ የሚጫወቱ መኳንንት ነበሩ። ሜዳው አጥር ስላልነበረው አላፊ አግዳሚው ቆሞ ያያል፣ ይተቻል፣ ሲያሻውም ይስቃል። መኳንንቱን ይህ አላስደሰታቸውም። የዊንችልሲው ኧርልና ኋላ የሪችመንድ መስፍን የሆነው ቻርልስ ሌኖክስ፣ ቶማስ ሎርድ የተባለ ሰው የታጠረ ሜዳ እንዲያዘጋጅላቸው ጠየቁት፤ ቢከስር እነሱ ሊሸፍኑለት ቃል ገቡ። ሎርድ በማሪሌቦን ሰፈር ቦታ ተከራየ፤ ክለቡም ስሙን ከሰፈሩ ወሰደ። ዛሬ ያ ቦታ ዶርሴት ስኩዌር ይባላል።

በዓመቱ፣ በ1788፣ ክለቡ የጨዋታውን ሕግ አሻሽሎ አወጣ። ከሕዝብ ዓይን ለመሸሽ የተቋቋመ የጥቂት ሰዎች ማኅበር ገና አንደኛ ልደቱን እንዳከበረ ለሌላው ሁሉ ሕግ አውጪ ሆነ ማለት ነው። የሾመው የለም። መኳንንቱ እዚያ ስለነበሩ ሌላው ዝም ብሎ ተቀበለ።

የዓለም የመጀመሪያው የክሪኬት ክለብ ነው?

አይደለም። በሃምፕሻየር ገጠር የነበረው የሃምብልደን ክለብ ይቀድመዋል፤ ማሪሌቦን ሲቋቋም ሃምብልደን የደመቀ ዘመኑን እየጨረሰ ነበር። ጨዋታው ራሱማ ከሁለቱም ይበልጣል፤ ጊልድፎርድ ከተማ ውስጥ በ1590ዎቹ መጨረሻ በመሬት ክርክር የመሰከረ አንድ ሰው ልጅ ሳለ እዚያ ቦታ ላይ ክሪኬት ይጫወት እንደነበር ተናግሯል። የመጀመሪያው የተጻፈ ሕግም የ1744 ነው። ለንጽጽር ያህል፣ በእኛ አገር አንጋፋ የሚባለው ቅዱስ ጊዮርጊስ የተመሠረተው በ1935 ነው።

«ሎርድስ» ማለት የጌቶች ሜዳ ማለት ነው?

ብዙ ሰው እንደዚያ ይመስለዋል፤ አባላቱን ያየም አይፈረድበትም። ነገር ግን ስሙ የባለሜዳው የቶማስ ሎርድ ነው። ሎርድ ዮርክሻየር ውስጥ ተርስክ የተወለደ የወይን ጠጅ ነጋዴ እንጂ ጌታ አልነበረም።

አሁን የምናየው ሜዳ ሦስተኛው ነው። የመጀመሪያው የኪራይ ውል ሲያልቅ ሎርድ ሣሩን ከነአፈሩ አስነቅሎ ወደ ሁለተኛው ሜዳ አስጫነው። በዚያ መሬት ላይ ደግሞ የሪጀንትስ ቦይ ሊቆፈርበት ሆነ። ሣሩ እንደገና ተጫነና በ1814 ሴንት ጆንስ ዉድ ገባ፤ እስከ ዛሬም እዚያው ነው።

በ1825 ሎርድ ሜዳው ላይ ቤት ሊሠራበት አሰበ። ያዳነው ዊልያም ዋርድ ነው፤ የእንግሊዝ ባንክ ዳይሬክተር ሲሆን በ5,000 ፓውንድ ገዛው። ዋርድ ገንዘብ ብቻ ያለው ሰው አልነበረም፦ በ1820 እዚሁ ሜዳ ላይ ለክለቡ ተሰልፎ ከኖርፎክ ጋር ሲጫወት በአንድ ተራ 278 ሩጫ አስቆጥሯል። ከዚያ በፊት 200 ያለፈ ሰው አይታወቅም ነበር።

ሜዳው ደግሞ ጠማማ ነው፤ ከአንዱ ጎን ወደ ሌላው 2.5 ሜትር ያህል ይዘቀዝቃል። ሌላ ቦታ ቢሆን ግሬደር ገብቶ ይደለድለው ነበር። እዚህ ግን ቁልቁለቱን ማወቅ እንደ ሙያ ይቆጠራል፤ ኳሷ መሬት ነክታ ስትነሳ ወደ ቁልቁለቱ ስለምታደላ እንግዳ መቺ ይሳሳታል።

የመጀመሪያዎቹ ዓመታት መዝገብ ለምን የለም?

በዚያው በ1825፣ ሐምሌ መጨረሻ ላይ፣ የዊንቸስተርና የሃሮው ተማሪ ቤቶች በተጋጠሙበት ሌሊት ፓቪሊዮኑ፣ ማለትም ሜዳው ዳር ያለው የአባላቱና የተጫዋቾቹ ቤት፣ ተቃጠለ። የክለቡ መዛግብት አብረው ነደዱ። አሁን ያለው የቀይ ጡብ ፓቪሊዮን በ1890 የተጠናቀቀ ነው።

«ጌንትልመን» እና «ፕሌየርስ» የሚባለው ክፍፍል ምንድን ነበር?

ጌንትልመን የተባሉት ለፍቅሩ እንጂ ለገንዘብ አንጫወትም የሚሉ ጨዋዎች ናቸው፤ ፕሌየርስ ደግሞ እየተከፈላቸው የሚጫወቱት። ከ1806 እስከ 1962 ሁለቱ ወገኖች እርስ በርስ ሲጋጠሙ ኖረዋል። ልብስ የሚቀይሩበት ክፍል ለየብቻ፣ ወደ ሜዳ የሚወጡበት በርም ለየብቻ ነበር። ስም አጻጻፍ እንኳ ይለያቸው ነበር፦ የጨዋው ስም የመጀመሪያ ፊደላት ከቤተሰብ ስሙ ይቀድማሉ፣ የተቀጣሪው ግን ይከተላሉ። ፍሬድ ቲትመስ የሚባል ወጣት ኳስ ወርዋሪ ሎርድስ ላይ ወደ ሜዳ ሲገባ በድምፅ ማጉያ እርማት ተነግሯል፤ በውጤት ወረቀቱ ላይ «ኤፍ ጄ ቲትመስ» ተብሎ የታተመው «ቲትመስ፣ ኤፍ ጄ» ተብሎ እንዲነበብ። ይህ የሆነው በንጉሥ ሄንሪ ዘመን ሳይሆን ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው።

እኛ ዘንድ «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» ይባላል። ሩር የሚለጋ ሰው ጌታው ፊት ቢመጣም አይመለስም፤ በዚያች ቀን መደብ የለም። እንግሊዞቹ ግን መደቡን ይዘውት ሜዳ ገቡ።

ከክለቡ ተጫዋቾች ሁሉ ትልቁ ማን ነው?

ዊልያም ጊልበርት ግሬስ፤ በዚህ ላይ ክርክር የለም። በ1848 ብሪስቶል አጠገብ ዳውንኤንድ ተወለደ፣ በ1869 የክለቡ አባል ሆነ፣ በ1879 ሐኪምነቱን አስመሰከረ። ጢሙ እስከ ደረቱ የሚወርድ ግዙፍ ሰው ነበር። በተለመደው አቆጣጠር በሕይወት ዘመኑ 54,896 ሩጫ አስቆጥሯል፤ በ1899 ለእንግሊዝ የመጨረሻ ጨዋታውን ሲያደርግ 51 ዓመት ሊሞላው ጥቂት ቀርቶት ነበር።

ነሐሴ 1876ን ብቻ እንይ። ክለቡ ካንተርበሪ ላይ ከኬንት ጋር ሲጫወት በመጀመሪያው ተራ 144 ብቻ አስቆጥሮ፣ 329 ሩጫ ተመርቶ፣ ሽንፈቱ የተቆረጠ መሰለ። በሁለተኛው ተራ ግሬስ ብቻውን 344 አስቆጠረ። የዋርድ የ278 ክብረ ወሰን ከ56 ዓመት በኋላ የወደቀው በዚያ ቀን ነው። ሰውየው ግን አልበቃውም። በቀጣዩ ግጥሚያ 177፣ ከዚያ በኋላ ባለው ደግሞ ሳይወጣ 318 አስቆጠረ፤ በሦስት ተከታታይ ተራ 839 ማለት ነው።

ግሬስ በወረቀት ላይ «ጌንትልመን» ነበር። በተግባር ግን በ1873–74 ወደ አውስትራሊያ ሲጓዝ 1,500 ፓውንድ ተከፍሎታል፤ አብረውት የሄዱት ተቀጣሪዎች በሕልማቸውም ያላዩት ገንዘብ ነው። ክለቡ ይህን አያውቅም ለማለት ይከብዳል። ሕዝብ ሜዳውን የሚሞላው እሱን ለማየት ስለነበር የታየው እንዳልታየ ሆነ። ዛሬ የሎርድስ ዋናው በር በስሙ ይጠራል።

ግሬስ ሳይሸነፍ ነው የኖረው?

ኧረ ተሸንፏል፤ ያውም በአንድ ቀን። ግንቦት 27፣ 1878 እምብዛም የማይታወቁ አውስትራሊያውያን ሎርድስ መጡ። ሣሩ በዝናብ የራሰ ነበር። ግሬስ የመጀመሪያዋን ኳስ ለአራት መታት፣ በሁለተኛዋ ወጣ። ክለቡ በሙሉ 33 ላይ አለቀ። አውስትራሊያውያኑ 41 አገኙ። በሁለተኛው ተራ ፍሬድ ስፖፎርዝ ግሬስን ያለ አንዳች ሩጫ አሰናበተው፤ ክለቡም 19 ላይ አበቃ። ለሦስት ቀን የታቀደው ግጥሚያ ሳይመሽ ተጠናቀቀ። ስፖፎርዝ በዕለቱ አሥር ሰው ያስወጣው 20 ሩጫ ብቻ ሰጥቶ ነው። እንግሊዞች አውስትራሊያን ከምር ማየት የጀመሩት ከዚያ ወዲህ ነው።

የእንግሊዝ ብሔራዊ ቡድን ውጭ አገር «ኤም ሲ ሲ» ይባል የነበረው ለምንድን ነው?

ኤም ሲ ሲ የክለቡ የእንግሊዝኛ ስም ሲያጥር ነው፤ ቡድኑን አዋቅሮ የሚልከው ክለቡ ስለነበር በስሙ ተጠራ። በ1903–04 ትሪኒዳድ የተወለደው ፔልሃም ዋርነር መርቶት ወደ አውስትራሊያ ከሄደው ቡድን ጀምሮ እስከ 1976–77 ድረስ ቡድኑ ባሕር ማዶ በክለቡ ስም ይጓዝ ነበር፤ ለብሔራዊ ግጥሚያ ሲሰለፍ ብቻ «እንግሊዝ» ይባላል።

ይህ ክብር ዕዳም ነበረው። በ1932–33 አምበሉ ዳግላስ ጃርዲን፣ አውስትራሊያዊውን ታላቅ መቺ ዶናልድ ብራድማንን ለማቆም ሲል ኳሱ በመቺዎቹ አካል ላይ በፍጥነት እንዲወረወር አዘዘ። ዋናው ወርዋሪ ከድንጋይ ከሰል ጉድጓድ የወጣው ሃሮልድ ላርዉድ ነው። አውስትራሊያውያን ተጎዱ፣ ቴሌግራም ተላላኩ፣ ነገሩ መንግሥታትን እስከማነካካት ደረሰ። እንግሊዝ አሸነፈች። ከዚያስ? ያዘዘው ጃርዲን፣ ጨዋው፣ ወደ ሕንድም ቡድን መርቶ ሄደ። የታዘዘው ላርዉድ፣ ተቀጣሪው፣ ይቅርታ ጠይቅ ተባለ። «ያደረግሁት አምበሌ ያዘዘኝን ነው» ባይ ነበርና እምቢ አለ፤ ለእንግሊዝም ዳግመኛ አልተሰለፈም። በ1950 ኑሮውን ጠቅልሎ ገባ፤ የት ቢሉ፣ አውስትራሊያ።

የዶሊቪዬራ ጉዳይ የሚባለው ምንድን ነው?

የክለቡ ታሪክ ውስጥ አንድ ምዕራፍ ብቻ አንብብ ብባል ይህን እመርጣለሁ።

ባዚል ዶሊቪዬራ ኬፕ ታውን ተወለደ። በአፓርታይድ መዝገብ «ክልስ» ስለነበር የቱንም ያህል ቢችል ለደቡብ አፍሪካ መሰለፍ አይችልም። በጋዜጠኛው ጆን አርሎት እርዳታ በ1960 እንግሊዝ ገባ፤ በ1966 ለእንግሊዝ ብሔራዊ ቡድን ተመረጠ። በ1968 ክለቡ ወደ ደቡብ አፍሪካ ቡድን ሊልክ ተዘጋጅቶ ነበር። ነሐሴ ላይ ዶሊቪዬራ በኦቫል ሜዳ አውስትራሊያ ላይ 158 ሩጫ አስቆጠረ። ከቀናት በኋላ የተጓዦች ዝርዝር ወጣ። እሱ የለበትም።

መራጮቹ በችሎታ መዝነን ነው አሉ። 158 ያስቆጠረ ሰው በችሎታ ቀረ ሲባል ማንም አላመነም፤ አንዳንድ አባላት መታወቂያቸውን መለሱ። መስከረም ላይ ከተመረጡት አንዱ ቶም ካርትራይት በጉዳት ራሱን አገለለና ዶሊቪዬራ በምትኩ ተጠራ። የደቡብ አፍሪካው ጠቅላይ ሚኒስትር ጆን ፎርስተር ይህ የክለቡ ቡድን ሳይሆን የፖለቲካ ጠላቶቻችን ቡድን ነው ብለው አንቀበልም አሉ። መስከረም 24 ቀን ክለቡ ጉዞውን ሰረዘ።

ታሪኩ እዚህ አያበቃም። የቀድሞው የእንግሊዝ አምበልና የሃይማኖት አባት ዴቪድ ሼፐርድ፣ ከክሪኬት ተጫዋቹ ማይክ ብሬርሊ ጋር ሆኖ፣ የክለቡ አመራር ጉዳዩን የያዘበት መንገድ እንዲወገዝ ታኅሣሥ ላይ ልዩ ስብሰባ አስጠራ። ድምፅ ተሰጠ፤ ሼፐርድ ተሸነፈ። አብዛኛው አባል ከአመራሩ ጋር ቆመ። ደቡብ አፍሪካ ግን ከ1970 እስከ 1991 ከዓለም አቀፍ ክሪኬት ተገልላ ቆየች። ዛሬ እንግሊዝና ደቡብ አፍሪካ በቴስት፣ ማለትም ቀናት በሚፈጀው የብሔራዊ ቡድኖች ግጥሚያ፣ ሲገጥሙ የሚሸለሙት ዋንጫ የዶሊቪዬራን ስም የያዘ ነው።

በዚያው 1968 ኢትዮጵያን ጨምሮ የአፍሪካ አገሮች ደቡብ አፍሪካ ከገባች አንሄድም በማለታቸው ከሜክሲኮ ኦሊምፒክ እንድትቀር ተደርጓል፤ ማሞ ወልዴ ማራቶኑን ያሸነፈበት ኦሊምፒክ ማለት ነው። ለአፍሪካውያኑ ግልጽ የነበረው ነገር ለሎርድስ ሰዎች ግልጽ እስኪሆን አንድ ክረምት ሙሉ ፈጀ።

ሴቶች አባል መሆን የቻሉት መቼ ነው?

በ1998። በትክክል አንብበዋል። እስከዚያ ድረስ በጨዋታ ሰዓት ሴት ወደ ፓቪሊዮኑ አትገባም ነበር፤ ከሠራተኞች ሌላ የሚፈቀድላቸው ንግሥቲቱ ብቻ ነበሩ።

በሩን ያንኳኳችው የእንግሊዝ ሴቶች ቡድን አምበል የነበረችው ሬቸል ሄይሆ ፍሊንት ናት። የሴቶች ዓለም ዋንጫ በ1973፣ ከወንዶቹ በሁለት ዓመት ቀድሞ፣ እንዲካሄድ ካደረጉት ዋነኛዋ ነበረች። በ1991 የአባልነት ማመልከቻዋን «አር ፍሊንት» ብላ አስገባች፤ ወንድ ይሁን ሴት አያስታውቅም። በ1998 መጀመሪያ ላይ በተሰጠው ድምፅ ከግማሽ በላይ አባላት ቢደግፉም የሚፈለገው ሁለት ሦስተኛ ስላልሞላ ወደቀ። መስከረም ላይ በተደገመው ወደ 70 ከመቶ ደገፈውና አለፈ። በቀጣዩ ዓመት አሥር ሴቶች የዕድሜ ልክ የክብር አባል ሆኑ፤ እሷም አንዷ ነበረች። በ2021 ክሌር ኮነር የመጀመሪያዋ ሴት ፕሬዚዳንት ሆነች። ከእሷ አስቀድሞ በ2019 ስሪላንካዊው ኩማር ሳንጋካራ ብሪታንያዊ ያልሆነ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ሆኗል።

ዛሬም ጨዋታውን የሚመራው ክለቡ ነው?

መምራቱ ቀርቷል፤ ሕጉ ግን አልተነጠቀም። ዓለም አቀፉ የክሪኬት ምክር ቤት በ1993 ከክለቡ ተለይቶ ራሱን ቻለ፣ በ2005 ጽሕፈት ቤቱን ከሎርድስ ነቅሎ ወደ ዱባይ ሄደ። ገንዘቡም ተመልካቹም ወደ እስያ እንደዞረ ለማወቅ ሌላ ማስረጃ አያስፈልግም።

ሕጉን ግን እስከ ዛሬ የሚጽፈው ክለቡ ነው፤ 42 አንቀጽ አለው። አንድ ምሳሌ፦ በ1979 አውስትራሊያዊው ዴኒስ ሊሊ ፐርዝ ላይ የአሉሚኒየም ዱላ ይዞ ገባ። ኳሷን ያበላሻል ተብሎ ጭቅጭቅ ተነሣ፣ ሊሊም ዱላውን ወረወረው። ያኔ ዱላው ከምን መሠራት እንዳለበት የሚናገር አንቀጽ አልነበረም። ክለቡ ወዲያው ከእንጨት ይሁን ብሎ ጻፈ። በ2022 ደግሞ ኳስን በምራቅ ማሸት ጭራሽ ከለከለ፤ ኮቪድ ያመጣው ጊዜያዊ እገዳ ቋሚ ሆኖ ቀረ።

አባል ለመሆን ምን ያስፈልጋል?

ዋስ የሚሆኑ አባላትና ረጅም ዕድሜ። ሙሉ አባላቱ 18,000 ያህል ናቸው፤ ወረፋው ከ20 ዓመት በላይ ይፈጃል። ልጅ እንደተወለደ የሚያስመዘግቡ አሉ። አጭሩ መንገድ በጨዋታ መግባት ነው፦ ክለቡ በየዓመቱ ከትምህርት ቤቶችና ከትናንሽ ክለቦች ጋር በመቶ የሚቆጠር ግጥሚያ ስለሚያደርግ፣ ጥሩ ተጫዋች በሙከራ ጨዋታ ተመዝኖ ቶሎ ሊያልፍ ይችላል።

የገቡት ሁሉ ጨዋ ናቸው ማለት አይደለም። በ2023 ከአውስትራሊያ ጋር በነበረው ግጥሚያ እንግሊዛዊው መቺ ጆኒ ቤርስቶ አከራካሪ በሆነ መንገድ ሲወጣ፣ ክራባት ያሰሩ አባላት ሎንግ ሩም በሚባለው አዳራሽ የሚያልፉትን አውስትራሊያውያን ሰደቡ። ክለቡ ይቅርታ ጠየቀ፤ ሦስት አባላትንም ቀጣ። የገና ተረታችንን አልሰሙም።

ክራባታቸው ለምን ቀይና ቢጫ ሆነ?

እነሱ «እንቁላልና ቤከን» ይሉታል። በ1860ዎቹ ክለቡ የሜዳውን መሬት እንዲገዛ ገንዘብ ያበደረው ዊልያም ኒኮልሰን ጂን ጠማቂ ስለነበር ቀለሙ ከጠርሙሱ የተወሰደ ነው የሚል ወሬ አለ። ወሬነቱ እንዳለ ሆኖ እኔ እወደዋለሁ።

አባል ያልሆነ ሰው መጎብኘት ይችላል?

ይችላል፤ ትኬት ገዝቶ በአስጎብኚ። ከሴንት ጆንስ ዉድ የባቡር ጣቢያ በእግር ጥቂት ደቂቃ ነው። ሙዚየሙ ውስጥ ሁሉም የሚጋፋው «አመዱ» የተባለውን ለማየት ነው። በ1882 እንግሊዝ በአውስትራሊያ በሰባት ሩጫ ስትሸነፍ አንድ ጋዜጣ የእንግሊዝ ክሪኬት ሞቶ አስከሬኑ እንደተቃጠለና አመዱ ወደ አውስትራሊያ እንደሚወሰድ በፌዝ ጻፈ። በዚያው ዓመት ቡድን ይዞ የሄደው አይቮ ብላይ እዚያ አንዲት ትንሽ ብልቃጥ ተሰጠው፤ በ1927 ሲሞት ባለቤቱ ለክለቡ አስረከበች። ቁመቷ 11 ሴንቲሜትር ያህል ነው። ብዙ ጎብኚ ዋንጫው የት አለ እያለ አጠገቧ ቆሞ ይጠይቃል።

እዚያ ከደረሱ ድንቢጧንም ሳያዩ አይውጡ። በ1936 ጃሃንጊር ካን የተባለ የካምብሪጅ ተማሪ የወረወራት ኳስ በአየር ላይ አግኝታ ገደለቻት። ውስጧ ተሞልቶ፣ ኳሷ ሥሯ ተደርጎ፣ እስከ ዛሬ በመስተዋት ውስጥ ቆማለች።